የጠፋው ግመልና የሪያዱ ቪዛ

ለምወድሽ እህቴ ለናጅዋ ዓሪፍ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረምሽልኝ የኔ ዓለም? ወገብሽስ? አሁንም ያን ሁሉ ደረጃ ስትወለውዪ ያምሻል? ማዳምሽስ ጠባይዋ ተሻለ ወይስ እንደለመደችው ናት? እንቅልፍ ይበቃሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አላስከፋንም፤ ማሽላው አሽቷል፤ አባባ ወፍ ሲያባርሩ እየዋሉ ድምፃቸው ተዘግቷል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞከርኩ መሰለሽ። አንቺ እንደሆንሽ አፍ አታስከፍቺም። እኔ አንድ ስል አንቺ አሥር ብለሽ፣ ስለ ፓስፖርቴ ጠይቀሽ፣ እማዬን አስለቅሰሽ ትዘጊዋለሽ። ጎረቤታችን ዘሀራ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ሪያድ ስለምትመለስ ከበርበሬው ጋር ይህን ወረቀት ሰጠኋት። ወረቀት አቋርጠሽ አትናገሪውምና እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

በላክሽልኝ ስልክ ላይ እንደምሥል ታውቂያለሽ፤ "መስታወት መጫጫር" እያልሽ የምትስቂበትን ማለቴ ነው። የጃፓኖቹን የሥዕል ታሪክ፣ ማንጋ የሚሉትን፣ የሚወዱ ልጆች የተሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ። እዚያ ማንም በስሙ አይጠራም። "ጥቁር ቀለም" የምትባል አንዲት ልጅ የለጠፍኩትን ሁሉ እያየች እጁ ወፈረ፣ ዓይኑ ጠበበ እያለች ትነዘንዘኝ ነበር። መጀመሪያ ጠልቻት ነበር፤ በኋላ ግን እሷ ሳታየው ምንም አልለጥፍም አልኩ። የአዲስ አበባ ልጅ ትመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ስናወራ ሁለታችንም እኩል "መብራት ሄደ" ብለን ጻፍን። በሌላም ቀን እንደዚያው፤ ሲመጣም እኩል መጣልን። ብጠይቃት ለካ ወልድያ ናት! ስሟ ማህሌት ነው። ከመርሳ በሚኒባስ ደርሰሽ የምትመለሺበት ከተማ ያለችውን ልጅ በሰማይ ዞሬ አገኘኋት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳችን ወደ አንዳችን እንሄዳለን። እህት ሆነችኝ፣ እንዳትቀኚ።

ማህሌት ታሪኩን ትጽፋለች፣ እኔ እሥላለሁ። የመጀመሪያው ሥራችን ሐራ ገበያ ላይ ግመሉ ስለጠፋበት ሰው ነበር። ሙጃሂድ የሚባል የግሩፑ ልጅ አዲስ አበባ የልጆች መጽሔት ያዘጋጃልና እስቲ ላኩልኝ አለን። ላክንለት። ምን ቢለን ጥሩ ነው? "ግመሉ ደጁ ላይ ተኝቶለት ሰውዬው ምን ሊያደርግ እያለቀሰ ገበያ ይወጣል?" እጄን በአፌ ጫንኩ። ለካ ሥዕሎቹን ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የደረደርኳቸው፤ እሱ ደግሞ ከግራ ጀምሮ አነበበው! ማንጋው እንደዚያ ነው፤ መድረሳ ቁርኣን የቀራነውም እንደዚያ ነው። ማህሌትም ማንጋ ስለለመደች ልብ አላለችውም።

ተናድጄ ደጅ ቁጭ ባልኩበት አባባ መጡና ምን ሆነሽ አሉኝ፤ የመጽሔቱ ሰዎች ሥዕሌ አልገባቸውም አልኳቸው። አባባን ታውቂያቸው የለ፣ ስልኩን ራሱ "የቤታችን ጂኒ" ነው የሚሉት። ተቀበሉኝና መነጽራቸውን አደረጉ፤ ማንም ሳይነግራቸው ከቀኝ ጀመሩ። ግመሉ ሲጠፋ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሰውዬው ደክሞት ሲመለስ ግመሉ ቀድሞት ገብቶ በሩ ላይ ተኝቶ ሲያገኘው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ይኸ ምኑ ነው ያልገባቸው?" አሉኝ። ናጅዋ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ሁሉንም እንደገና ከግራ ሣልኩት፤ ታተመም። ሙጃሂድ አሁን በየወሩ አንድ ታሪክ እንድንሠራ ከእኛ ጋር ተዋውሏል። መርሳ ላይ ልጆች መጽሔቱን ሲሻሙ በዓይኔ አይቼ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። "እኔ ጋ የምትመጪበት ቪዛሽ ሊወጣ ነው" ብለሽኛል። ስንት ሰው ፊት ቆመሽ እንዳገኘሽው አውቃለሁ፤ ውለታሽ ይከብደኛል። ግን አልመጣም። ፈርቼም፣ ሥራ ጠልቼም አይደለም። እዚያ ብመጣ እጄ መወልወያ ይዞ ይውላል፤ ሥዕሉም ማህሌትም እዚሁ ይቀሩብኛል። እኔ ለማን ብዬ ነው እዚህ የተንከራተትኩት ትያለሽ፤ እውነትሽን ነው። ይህን ስጽፍ እንባዬ እየቀደመኝ ነው። ብትቆጪኝም ተቆጪኝ፣ ብቻ አትቀየሚኝ።

እማዬ ዓይንሽን ሳላይ አልሙት ብላ ዱዓ ታደርግልሻለች፤ በርበሬውን ለማዳምሽ እንዳታካፍይ ብላለች። ማህሌት ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። አባባ ስለ ቪዛው እስካሁን ክፉም ደግም አልተናገሩም ነበር። አሁን ሰላምታዎን ልጻፍ ብላቸው እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ አሉ፦ "አንዷን ለዓረብ ሀገር ሰጥቻለሁ፤ ይችን ተይልኝ።"

እህትሽ ቶይባ ዓሪፍ
መርሳ፣ ሐብሩ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.