የክፍል ሁለት ዶሮዎች ለምን እንዳልሞቱ

ውድ ሳቂታዬ፣

ሳትከፍቺው ቀደሽ እንዳትጥዪው ብዬ ፖስታው ላይ ስሜን አልጻፍኩም። የእጅ ጽሑፌን ግን ታውቂዋለሽ። አዎ፣ ከላቦራቶሪው በቃሌ ያስባረርኩሽ ባልንጀራሽ ነኝ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

መቼም አትረሺውም። ክፍል አንድ ያሉትን ሃያ ዶሮዎች በአዲሱ የፈንግል ክትባት ከተብን፤ ክፍል ሁለት ያሉትን ሃያ ሳንከትብ ተውናቸው። ከዚያ ለሁሉም በሽታውን ሰጠናቸው። ያልተከተቡት ማለቅ ነበረባቸው፤ እነሱ ካላለቁ ክትባቱ መሥራቱን በምን እናውቃለን? አንድም አልሞተም። ምንም እንዳልተፈጠረ ጥሬያቸውን ይለቅማሉ! በሽታውን ከመስጠታችን በፊት የወሰድነውን ደማቸውን ከማቀዝቀዣው አውጥተን ስንመረምር የክትባቱ ምልክት ተገኘበት። አንድ ሰው ደብቆ ከትቧቸዋል አልኩ።

እኔ እንደሆንኩ አንዴ ሆዴ ከሻከረ አልመለስም። ዓይኔን አንቺ ላይ ጣልኩ። ክፍል ሁለት ስትገቢ «እናንተ ምስኪኖች፣ ለሞት እኮ ነው የምትቀለቡት» እያልሽ ታወሪያቸው ነበር። ስትወጪ ደግሞ ታፏጫለሽ። ምን ያስፏጫታል? አልኩ። ምሳ ስትወጪ የሰቀልሽውን ጋዋን ፈተሽኩ፤ አዎ ፈተሽኩ፣ አሁን ምን እደብቃለሁ! ኪስሽ ውስጥ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ አገኘሁ። የእኛም ክትባት የሚሰጠው ዓይን ውስጥ በማንጠባጠብ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለራሴ ዓይን ሐኪም ያዘዘልኝ ነው!» ብለሽ ከት ብለሽ ሳቅሽ። ሳቅሽ አበገነኝ። ንጹሕ ሰው እንዲህ ይስቃል? አልኩና በጽሑፍ መስክሬብሽ ፈረምኩ። ብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ አላስመረመርኩም።

ከሄድሽ በኋላ በአዲስ ዶሮዎች ሙከራውን ደገምነው። ክፍል ሁለትን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ጥበቃው ደጃፉ ላይ ከቆመ «እዚህ ምን ፈለግክ?» ብዬ አፈጥበታለሁ።

«ኧረ እህቴ፣ ፀሐይ በዝቶብኝ ነው» ይላል ምስኪን፣ ድንግጥ ብሎ።

መመገቡም፣ ማጽዳቱም፣ ውሃ መስጠቱም በእኔ እጅ ብቻ ሆነ። በሽታውን ከመስጠታችን በፊት ደማቸውን መረመርኩ። ምልክቱ አለ! በሃያዎቹም።

ክው አልኩ። ከእኔ በቀር የገባ ሰው የለም። አሁን ማንን ልጠርጥር?

በማግስቱ ሥራዬን ከጠዋት ጀምሮ እንደ ባዕድ ሰው ራሴን እየተከታተልኩ ሠራሁት። ክፍል ሁለት ቧንቧ የለም። ስለዚህ የሁለቱንም ክፍል የውሃ መጠጫዎች ክፍል አንድ ወስጄ በአንድ ሳፋ አጥብና አለቅልቄ እመልሳለሁ። ውሃ ለመቆጠብ ብዬ ያመጣሁት ዘዴ ነው፤ አንቺ በነበርሽበት ጊዜም ማጠቡ የእኔ ሥራ ነበር። ክትባታችን ደግሞ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው፤ ከተከተበች ዶሮ አፍና ኩስ ወጥቶ ወደ ሌላዋ ይሻገራል። ይህን ለጎብኚው ሁሉ የማስረዳው እኔ ነኝ፣ አፌ ቁርጥ ይበል! በየቀኑ በገዛ እጄ የክትባት ውሃ ሳጠጣቸው ነው የከረምኩት።

ለኃላፊው ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ትክ ብሎ አየኝና «እሷን ለማስመለስ ተማክራችሁ ነው፣ አይደል?» አለኝ። ብምልም ብገዘትም አላመነኝም። አንቺ በእኔ ምክንያት ምን ተሰምቶሽ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ በጣም አፈርኩ።

ሰኞ ያባረረሽ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ሳፋውን ይዤ እገባለሁ፤ የመሰከርኩብሽ ሐሰት ነበር ብዬም እፈርማለሁ። ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ። አንቺም ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ስምሽ ሲጸዳ በጆሮሽ ብትሰሚ እወዳለሁ። ይሄም ሌላ ወጥመድ ነው ብለሽ ብትቀሪ ግን አልቀየምሽም። ሰው አማኝ ነበርሽ፤ መጠርጠርን ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ።

በሐሰት የከሰሰችሽ ባልንጀራሽ