ሞታለች ስለተባለችው ጽጌረዳ

ለተከበሩ የቀድሞው ቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ሳይሰለች ለሚሸከምዎ ወንበር ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ በዚያ ግቢ ዘውዱ ሳይወርድም ከወረደም በኋላ ጽጌረዳ ሲከረክሙ የኖሩት አትክልተኛ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። ባለፈው ወር አባቴን እጃቸውን ይዤ የቤተ መንግሥቱን ፍርስራሽ ስናይ ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

፩. አባቴ ዓይናቸው ስለደከመ ግቢውን የሚያዩት በጣታቸው ነው። የተሰነጠቀውን የፏፏቴ ገንዳ ገና ሲዳስሱ ዘበኛዎ «አባት፣ ቅርስ አይነካም!» ብሎ እጃቸውን ስላስነሣቸው እናመሰግናለን። ያንን ገንዳ በየሳምንቱ ሲያጥቡ የኖሩት እሳቸው መሆናቸውን ባያውቅ አይፈረድበትም።

፪. አባቴ ጡረታ ከወጡም በኋላ በየዓመቱ እየሄዱ በግቢው የቀረችውን የመጨረሻዋን ጽጌረዳ ይከረክሟት ነበር። አከራከማቸው ጨካኝ ነው፤ ከስንዝር የማትበልጥ ጉቶ ብቻ ያስቀራሉ። ላላወቀ ሰው የሞተች ትመስላለች፤ ዝናብ ሲጥል ግን አበባዋ ለዓይን ያታክታል። ባለሙያዎችዎ ዝናቡን መጠበቅ አቅቷቸው ከነሥሯ ስለነቀሏት ለትጋታቸው አድናቆቴ ይድረሳቸው።

፫. በቦታዋ ስላቆሙት የእብነ በረድ ሰሌዳም አመሰግናለሁ። «በዚህ ስፍራ የነበረችው ታሪካዊ ጽጌረዳ ባልሠለጠነ እጅ ተከርክማ ደርቃለች» ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ለአባቴ ጮክ ብዬ ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ፤ ለዚህ ግን የማመሰግነው ሰው ስለሌለ ራሴን እረግማለሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አባቴ መቀሳቸውን ለጎረቤት ሰጥተው በር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያገላብጣሉ። «እኔው ነኝ የገደልኳት» ይላሉ። አይደለም ስላቸው «ታዲያ ድንጋይ ላይ ተጽፎ የለ እንዴ?» ይሉኛል። እህል አይቀምሱም ማለት ይቻላል፣ እኔም ፈርቻለሁ። ስለዚህ ሰሌዳው እሳቸው በሕይወት ሳሉ ይነሣ ዘንድ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

በእርጅናዎ ዘመን የሥራዎን ታሪክ አጣርቶ የሚጽፍ ሰው እንዲገጥምዎ ከልብ እየተመኘሁ፣

ባልሠለጠነ እጅ ያደግሁት
የአትክልተኛው ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ዝናብ ጣለ። ሄጄ ብፈልግ ጉቶዋ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ከቆሻሻ ጋር ተጥላ ሦስት ቅጠል አውጥታለች። አባቴን ወስጄ አስዳሰስኋቸው፤ ቆጠሯቸው፣ ደግመው ቆጠሯቸው፣ ከዚያ መቀሳቸውን ከጎረቤት እንዳስመልስ አዘዙኝ። ዘበኛዎ «ቅርስ አይነካም» ሊለን ሲሮጥ መጥቶ ነበር፤ ቆሻሻ መሆኗን ስነግረው ግን ይዘናት እንድንሄድ ፈቀደልን። አሁን እኛ ቤት ናት። ሊጎበኟት ቢመጡ መንካት አይከለከልም፤ እሾኋ ግን እንዳለ ነው።