የመሃሉ በር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ ከሞተ በኋላ በውርስ ስለተጣላን፣ ወንድሜ ፈረንሳይ ሰፈር ያለውን ግቢያችንን በቆርቆሮ ለሁለት ከፍሎ የመሃሉን በር ኬብል ታይ በሚሉት የፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮታል። እማዬ የምትኖረው ከእሱ ጋር ነው። ወደ እኔ እንድትመጣ አይፈልግም።

ዛሬም ሲግናል ሰፈር ወደሚገኘው ሱቁ እስኪሄድ ጠብቄ ማሰሪያውን በመርፌ ፈታሁት። ማሰሪያው በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ምላስ አለች፤ እሷን በመርፌ ጫፍ ቀና ካደረጓት ሳይጎዳ ወደ ኋላ ይወጣል። ብቆርጠው ያውቃል። ስለዚህ ያንኑ መልሼ አስረዋለሁ።

እማዬ ገብታ ተቀመጠች። ጸጉርሽን ልሥራሽ ስላት፣ «ተዪው፣ ማን ሠራሽ ይለኛል» አለች። የእንጦጦ ብርድ የሰነጣጠቀውን እግሯን ብቻ በሞቀ ውሃ አጠብኩላት።

ስትመለስ በሩን ከኋላዋ ዘጋሁ። ማሰሪያውን ላላ አድርጌ ልተወው አሰብኩ፤ ቢያንስ እጇ እንዲያልፍ። በቆርቆሮው ክፍተት እያየችኝ ነበር።

«እንደ ነበረው አጥብቂው ልጄ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የሚጮኸው እኮ እኔ ላይ ነው።»

ሳብኩት። እስከ መጨረሻው ጠበቀ። እናቴን በገዛ እጄ ከወዲያ ቆልፌባት ወደ ቤቴ ገባሁ።