ሞግዚት ለእኔ

መስከረም 28፣ ረቡዕ

ክኒኔን ውጬ፣ የመስኮቱን አበባ ሳጠጣ በር ተንኳኳ። እዚህ ኦሃዮ ሞግዚትነትንም ከሚያየው ከካውንቲው፣ ከወረዳው በሉት፣ የውርስ ፍ/ቤት የተላከች መርማሪ። ወጣት፣ ትሑት፣ ጫማዋን ሳትጠርግ ምንጣፌ ላይ የወጣች። ልጄ ሰብለ ሞግዚቴ ለመሆን አመልክታለች። ምክንያት፦ እናቴ ራሷንና ቤቷን ማስተዳደር አትችልም። መርማሪዋ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው አለችኝ። በየትኛው አቆጣጠር ብዬ ጠየቅኋት። የሆነ ነገር ጻፈች። አላሳየችኝም።

ደብተር፣ ቀኑን ከላይ ጽፌልሃለሁ። ምስክሬ አንተ ነህ።

መስከረም 30፣ ዓርብ

«ኮል ላድርግሽ ብዬ ነው» ትላለች ሰብለ። መደወል የሚባል ቃል አስተምሬያት ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ምድጃ ከፍቼ ረሳሁ። ማሚ፣ ሴፍ አይደለሽም። የክሊንተንቪሉ ቤቴ እንዲሸጥ፣ እኔ ፒከሪንግተን እሷ ቤት እንድገባ ትፈልጋለች። ቤዝመንቱን ሪሞደል አድርገንልሻል አለች። ምድር ቤት ነው። ድንች የሚቀመጥበት። ስልኩን ዘጋሁባት።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

አዲስ አበባ ከፍተኛ ፍ/ቤት መዝገብ ቤት ያረጀሁ ሴት ነኝ። የፍ/ቤት ደረጃ እኔን የሚያስተምር የለም። የታች ዳኛ ሲሳሳት ይግባኝ፤ ይግባኝ ሰሚው ሲሳሳት ሰበር። የክልል ፍርድ ቢሆንም የፌዴራሉ ሰበር ያርመዋል። ስለዚህ ከላይ ልጀምር አልኩ። ለዚያውም የኦሃዮ ዳኞች በድምፅ ነው የሚመረጡት። ስማቸው በሰሌዳ ተጽፎ በየጎረቤቱ ሣር ላይ ተተክሏል፣ እንደሚሸጥ ቤት ማስታወቂያ። የፌዴራሎቹ ግን ሹመታቸው ዕድሜ ልክ ነው። ማንንም አይለማመጡም። ዳኛ እንዲህ ነው።

ጎረቤቴ አቶ ወርቁ በመኪናው ፌዴራል ፍ/ቤት አደረሰኝ። አቤቱታዬን በእንግሊዝኛ፣ አንድ ስርዝ ሳይኖርበት ጽፌዋለሁ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰው እስከ መጨረሻው አነበበው። ይህ እዚህ አይታይም አለ። ሞግዚትነት፣ ውርስ፣ ፍቺ የኦሃዮ ፍ/ቤቶች ጉዳይ ነው። እጅ ጽሑፌን አደነቀልኝ። ከዚያ የካውንቲውን ፍ/ቤት በጣቱ አሳየኝ፣ ለጠፋ ሕፃን እንደሚደረገው።

ስንመለስ አቶ ወርቁ ይስቃል። እትዬ አልማዝ፣ ዋሽንግተን አድርሰኝ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነበር አለኝ። አልሳቅሁም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ፍ/ቤቱ የመደበልኝ ጠበቃ መጣ። መጥፎ ነገር ይዞ። ሰብለ ማስረጃ ጨምራለች፦ እናቴ ግራ ገብቷት ፌዴራል ፍ/ቤት አቤቱታ ይዛ ሄዳለች። የወርቁ አፍ። ከዛሬ ጀምሮ «አቶ» ቀርቷል።

ጠበቃው በወረቀት ሣለልኝ። በግራ ኦሃዮ። ከታች የከተማው ፍ/ቤት፣ ለትራፊክ ቅጣትና ለትንንሽ ክስ። ቀጥሎ የካውንቲው፤ የእኔ ውርስ ችሎት የሱ ክፍል ነው። ከዚያ ይግባኝ ሰሚው፣ ከዚያ የኦሃዮ ጠ/ፍ/ቤት። በቀኝ ፌዴራል። የሄድኩበት፣ በላዩ ሲንሲናቲ ያለው ይግባኝ ሰሚ፣ በላዩ ዋሽንግተን ያለው የአገሪቱ ጠ/ፍ/ቤት። መሻገሪያውን ፈለግሁ። ጫፉ ላይ ብቻ፤ እሱም የአሜሪካ ሕግ ወይም ሕገ መንግሥቱ ከተነካ። በኦሃዮ ሕግ ላይ የመጨረሻው ቃል የኦሃዮ ነው። ዋሽንግተን አያርመውም። የእኛ ዓይነት ሰበር የለም።

አስቀያሚ አሠራር። ገብቶኛል ግን። ይህን የማያውቅ ሁሉ አእምሮው ጎድሏል ከተባለ ለዚህች ከተማ ሞግዚት አይበቃትም።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ፣ ማታ

ነገ ችሎት። ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም። ከተረታሁ ይህን በር የሚቆልፈው ሌላ ሰው ነው።

ጠበቃው ከሰዓት ደወለ። ከሞግዚት የቀለለ ዘዴ ካለ ዳኛው ያንን ማየት አለበት። ለምሳሌ ውክልና። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ውክልናን አውቃለሁ። ሞግዚት ይጭኑብኛል፤ ውክልና እኔ እሰጣለሁ። የሰጠሁትን እሽራለሁ። ማንን እንደምወክል ጠየቀኝ። ነገ እነግርሃለሁ አልኩት።

ማንን? ወርቁን? የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን? እነሱ ቤቴን በጸሎት ይሸጡታል። የልቤን መድኃኒት ከነመጠኑ በቃሏ የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት። የከሰሰችኝ።

አሁን ደውላ ነበር። ጠዋት መጥቼ ልውሰድሽ ትላለች። አብዳለች ብላ ከስሳ ሾፌር ልትሆነኝ። ድምፅዋ ሻክሯል። ማሚ፣ ካፖርትሽን ልበሺ፣ ይበርዳል አለች። ስለ ውክልናው አልነገርኳትም። ዳኛው ፊት ትስማው።

ወስኛለሁ። ውክልናው ለሰብለ። ቤቱን መሸጥ አትችልም ተብሎ ይጻፍበታል። ባጠፋች ማግሥት እሽረዋለሁ።

ነገ በሷ መኪና እሄዳለሁ። ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ።