የድልድዩ ሾፌር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

መነጽር ቤት፣ ሌንስ ስቆርጥ አንዱን ሰነጠቅኩት። አለቃዬ አላየም።

ምሳ ሰዓት ላይ ወንድሜ ደወለ። "ሰማሽ? ሦስተኛው ክፍል ወጣ!" ጌማችን... ልጆች ሆነን የጀመርነው። መንደር እንሠራለን፣ ዕቃ በጭነት መኪና እናመላልሳለን። እሱ ይጭናል፣ እኔ እነዳለሁ። ሁሌም ሾፌሯ እኔ ነኝ። ያንን የበሰበሰ ድልድይ በኋላ ማርሽ የምሻገረውም እኔ ብቻ ነኝ። በፊት ማርሽ የሄደ ሁሉ ወንዝ ይገባል። ልጅ ሆኜ ማርሽ ተሳስቼ ነው ያወቅኩት። ወንድሜ ዛሬም አይችልበትም።

በምን ልግዛው? በኮምፒውተሬ ወይስ ቴሌቪዥን ላይ በሚሰካው ኮንሶል? የድሮውን ኮንሶል ሲያገባ ይዞት ሄደ። እማዬም "ይውሰድ፣ የሱ ነው" ብላ ፈረደችለት። የጋራችን ነበር እኮ!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ጌም ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ሁሉንም አስረዳኝ። በኮምፒውተር ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ሌላ ማሽን መግዛትም አያስፈልገኝም። ግን በኮምፒውተር የገዛና በኮንሶል የገዛ አብረው አይጫወቱም። የድሮው መንደርም ወደ ኮምፒውተር አይመጣም፤ ከባዶ ሜዳ መጀመር ነው። ኮንሶል ከገዛሁ ግን ከቤቴ ሆኜ ወንድሜ ጋ መንደራችን ውስጥ እገባለሁ። አንድ መንደር የሚያስገባው ሁለት ሰው ብቻ ነው።

"ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው?" አለኝ።

ይሄም ጥያቄ ሆኖ! "ከወንድሜ ጋር ነዋ!"

እሁድ፣ ጥቅምት 10

ወንድሜ ቤት ምሳ። ሚስቱ ነርስ ናት። ከአዳር ተራ ገብታ እንኳ ሳቅ በሳቅ ናት።

ከምሳ በኋላ ቴሌቪዥኑን ከፈተው። አዲሱን ጌም ገዝቷል፣ መንደራችን እንዳለ መጥቷል። ደስ ሲል! ከዚያ ስክሪኑ ላይ አየኋት... የኔዋ ሾፌር፣ ባለ ቀይ ኮፍያዋ። ኮፍያ የለም። ቢጫ ሹራብ ለብሳ ፀጉሯን ለቃዋለች።

"እሷ እየተለማመደች ነው" አለኝ ወንድሜ ወደ ሚስቱ እያየ። "ማታ ማታ እንጫወታለን።"

ማታ ማታ! በኔ ወንበር፣ በኔ መኪና!

ጆይስቲኩን "እንኪ" አላለኝም። ረስቶ ነው። መርሳቱ ነው የባሰብኝ። መኪናዋን ወንዝ ስትከተው "አይዞሽ የኔ ቆንጆ" ይላታል። እኔን "አንቺ ደንባራ!" ነበር የሚለኝ።

ቅናት ነው? አዎ፣ ቅናት ነው። እዚህ ማንን እደብቃለሁ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ወሰንኩ። ኮንሶል እገዛለሁ። "ቦታዬን ልቀቁልኝ" እለዋለሁ፣ እምቢ አይለኝም። እሷ ትነሳ። ሰው ቤት ገብቶ የሰው ኮፍያ መጣል ምን የሚሉት ነው?

እማዬ ሽንኩርት ስከትፍ አይታኝ "ሽንኩርቱ ምን አደረገሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። "በዚህ ዕድሜሽ!" ብላ ሳቀችብኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ከሥራ ወጥቼ ወደ ጌም ሱቁ ልሄድ ቦርሳዬን አንስቻለሁ። ማን ብትመጣ ጥሩ ነው? ነርሷ!

"እግሩ ላልቶብኝ ነው" ብላ መነጽሯን ሰጠችኝ። ብሎኑን ፈትቼ ሌላ መፈለግ ጀመርኩ።

"ኮንሶል ልትገዢ ነው አሉ" አለች።

"ማን አለ?"

"እማማ ነገሩኝ። አንቺ ከገባሽ እኔ ወጣሁ ማለት ነው።"

አዲሱን ብሎን አነሳሁ።

"ስነዳ 'እህቴ እንዲህ አታደርግም' ይለኛል። ድልድዩ ጋ ስደርስማ 'እህቴ ብትሆን ኖሮ...' ይላል፤ ዘዴውን ግን 'ራስሽ ድረሺበት' ብሎ አይነግረኝም። ኮፍያውን ያወለቅኩት ለዚህ ነው። አንቺን መስዬ መቀመጥ መረረኝ። ቀናሁብሽ፣ ምን ልበልሽ።"

ብሎኑ ከእጄ አመለጠ። ሁለታችንም ጠረጴዛ ሥር ተንበርክከን ፈለግን። እዚያው እንደተንበረከከች ነው የነገረችኝ... እሷ አዳር፣ እሱ ውሎ፣ የሚገናኙት ማታ እሷ ለሥራ ከመውጣቷ በፊት፣ በዚያች በጌም ሰዓት ብቻ ነው። "በኮምፒውተር ግዢው፣ በናትሽ።"

"አስብበታለሁ" አልኳት። ሱቁ አልሄድኩም።

ደስ ብሎኛል። በሌለሁበት ያነሳኛል! እንዲህ ደስ ማለቱ ግን ደግ ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ለምንድነው የምለቀው እኔ የምሆነው? እኔ ከሱ ጋር ልጅነቴ በሙሉ አለኝ፤ እሷ ያላት አንዲት ሰዓት ናት። ግን ያቺው አንዲት ሰዓት ነች እንቅልፍ የምትነሳኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 24

በኮምፒውተር ገዛሁት።

ወንድሜ ደወለ። "ምን ነካሽ? አብረን መጫወት አንችልማ!"

"ምስሉ ጥርት ያለ ነው ብለውኝ ነው።"

"እንግዲህ፣ ያልሽው ይሁን" ብሎ ዘጋው። ቅር ብሎታል። ቅር ስላለው ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ።

ባዶ ሜዳ። አንድ ዛፍ። ዕቃ የሚጭንልኝ እንኳ የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

መልእክት ላከችልኝ። "ድልድዩ አሸነፈኝ። ታሳዪኛለሽ? ለሱ አትንገሪው።"

አሁንስ አበዛችው! ወንበሬን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ድልድዬን? ስልኩን ትራስ ሥር ወሸቅኩት። እስከ እራት ቻልኩ። ከዚያ "ነገ ቤት ነይ" አልኳት።

አርብ፣ ጥቅምት 29

መጣች። ኮምፒውተሬ ላይ ወንዙ ጋ ወሰድኳት፤ ያው የበሰበሰ ድልድይ እዚህም አለ። "ማርሹን ወደ ኋላ አድርጊው" ስላት የማሾፍባት መሰላት። አሁንም አሁንም ሰጠመች።

"አንቺ ደንባራ!" አመለጠኝ። ደንግጬ አየኋት።

በሳቅ ፈረሰች። "እሱ እኮ እንዲህ አይለኝም። እንደ ብርጭቆ ነው የሚይዘኝ።"

ልትሄድ ስትል ተሻገረች። እማዬ ከጓዳ ሮጣ እስክትመጣ ድረስ ሁለታችንም ጮህን።

እሁድ፣ ኅዳር 1

ወንድሜ ደወለ። ገና ሄሎ ሳልል ይጮሃል።

"ተሻገረችው! በኋላ ማርሽ! እንዴት እንደቻለች ልትነግረኝ አልፈለገችም፣ ማንም ሳያሳያት ነው መሰለኝ! እንዳንቺ ተሳስታ እንኳ አይደለም፣ አስባ ነው!"

"ጎበዝ ናት" አልኩት።

"'እህቴንም ትበልጫለሽ' አልኳት።"

"ትበልጠኛለች።"

ጥርሴን ነክሼ ዘጋሁት። ወዲያው የሷ መልእክት መጣ። "ልንገረው እንዴ? ጨንቆኛል።"

"ንገሪው" ብዬ ጽፌ ነበር። አጠፋሁና "አትንገሪው" ብዬ ላክሁላት። ቀጥዬም "አርብ ነይ፣ የተራራውን መንገድ አሳይሻለሁ፤ የሚጭንልኝ ሰው ቸግሮኛል" አልኳት።