የመኪናው ዋስ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለእምዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ለቀቀሽ ወይ? የዘመሮው ማሳችን ገብስ ከውርጭ ተርፎ ጎተራ ገባ? እኔ ደኅና ነኝ። እንዲያውም ዛሬ እፎይ ብዬ፣ እንቅልፍ ጠግቤ ተነሥቼ ነው የምጽፍልሽ። አባ ገብረ ክርስቶስ፣ ሲያነቡላት እባክዎ አይቸኩሉ።

እንዳትጨነቂ ብዬ ሳልነግርሽ የቆየሁት ጉዳይ ነበር። አሠሪዬ ወይዘሮ የትምወርቅ ሁለቱንም የጭነት መኪኖች ሸጠው ሊገላገሉ ነበር። እኔም ከነመንጃ ፈቃዴ ሜዳ ላይ ልወድቅ! ነገሩ ኢንሹራንስ የሚሉት ነው። ኢንሹራንስ ማለት የመኪና ዋስ ነው፤ መኪና ቢገለበጥ፣ ሰው ቢገጭ ከፋዩ እሱ ነው። ዋስነቱን ግን በነጻ አይሰጥም፣ በየዓመቱ ያስከፍላል። ባልደረባዬ ወሰኔ ደግሞ ሲበር ሲበር መኪናውን ከነጭነቱ ገደል ከተተው፤ እሱ በተአምር ተረፈ፣ መኪናውም ተጎትቶ ወጥቶ በስንት ወጪ ተጠገነ። ዋሱም ክፍያውን ሰቀለው። ምን ይፈረዳል? ነጋ ጠባ ለሚጣላ ሰው ማን በርካሽ ዋስ ይቆማል!

የኢንሹራንሱ ሰዎች የዘንድሮውን ዋጋ የመጨረሻ ቁርጥ ከማድረጋቸው በፊት አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ከጎኔ ተቀምጦ አነዳዴን እንዲያይ ላኩ። ጣርማ በር አፋፉ ላይ ስንደርስ እንደ ልማዴ አቆምኩ። መቼም በጡቴ ይዤሃለሁ፣ የአፋፏን ማርያም ወርደህ ሳትሳለም ቁልቁለቱን እንዳትጀምር ብለሽኛል። ወረድኩ፣ ተሳለምኩ። ከወረድኩ አይቀር ብዬም ጎማውን ረገጥ ረገጥ፣ ብሎኑን ነካ ነካ አደረግሁ፣ ፍሬኑን ሞከርኩ። ከዚያ በከባድ ማርሽ ቀስ እያልኩ ደብረ ሲና አደረስኩት። ወሰኔ በዚሁ የተነሣ መነኩሴው ነው የሚለኝ። ሰውዬው ግን ሲመለስ፣ ይህን የቁጥጥር ደንብ ያወጣላችሁ የትኛው ባለሙያ ነው ብሎ ወይዘሮዋን ጠየቃቸው አሉ። እሳቸው ምን ይሳናቸዋል! ዐይናቸውን በጨው አጥበው የቤታችን ደንብ ነው አሉት።

እምዬ፣ ክፍያው ወረደ! ከአምናው እንኳ አነሰ። መኪኖቹ አይሸጡም፣ እኔም ከእንጀራዬ አልተነቀልኩም። ወይዘሮዋ ጠርተው እውነቱን ሲጠይቁኝ የእናቴ ቃል ነው አልኳቸው። ሳቁ ሳቁ። ወዲያው ለሾፌሮቻቸው ትእዛዝ ወጣ፤ አፋፉ ላይ የማይወርድ መሪ አይጨብጥም። ትናንት ወሰኔ ኮፍያውን አውልቆ ሲሳለም ባየሽው! ሳቄን የምደብቅበት አጣሁ።

ያን ቃል ያስገባሽኝ በዚያው ቁልቁለት መኪና ተገልብጦበት በቀረው በወንድሜ በአዳነ ተዝካር ማግስት እንደነበረ አልረሳሁም። ያኔ ለጸሎት ብቻ መስሎኝ ነበር። ከእንግዲህ የመኪና ድምፅ በሰማሽ ቁጥር አትደንግጪ፤ እኔ እወርዳለሁ።

እመቤታችን ወገብሽን ታጽናልሽ፤ ለፋሲካ ደጃፍሽ ታድርሰኝ።

የተረፈልሽ ልጅሽ