መስመር ስላልሆነው ሽቦና ምሰሶ ስላልሆነው ማንጎ

መርሳ፣ ግንቦት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ የመስመር ዝርጋታ ደህንነት ዴስክ ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ጤናዎን እንዲጠብቅልን፣ ወንበርዎንም እንዲያጸናልዎ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከቢሮዎ ፊት ለፊት ሚስማርና የብረት ቱቦ የምሸጠው ሚስባህ ነኝ። ጦርነቱ በከተማችን ሲያልፍ የመብራት ምሰሶውን ጥሎ፣ የሱቄን በር ገንጥሎ ሄዷል፤ መመሪያዎ ግን አንዲት ገጽ ሳትጎድልበት መትረፉን ስሰማ ተጽናንቻለሁ።

አንደኛ፤ በዕለት ማስታወሻዬ እንደሰፈረው፣ መብራት በተመለሰ ዕለት ባለሙያዎችዎ ሽቦውን በወደቀው ምሰሶ ፈንታ ከወይዘሮ ረሂማ የማንጎ ዛፍ ላይ «ለሳምንት ነው» ብለው አስረውት ሄዱ። ሳምንቱ አራት ወር አልፎታል፤ ሽቦውም ረግቦ ከገበያተኛው ራስ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ስናመለክት በትዕግሥት እንዳስረዱን፣ በመመሪያው ትርጓሜ «መስመር» ማለት በሁለት ምሰሶዎች መካከል የተዘረጋ ሽቦ ሲሆን፣ «ምሰሶ» ደግሞ ከእንጨት፣ ከብረት ወይም ከኮንክሪት ተሠርቶ የቆመ ነው። ማንጎው እንጨት መሆኑን አልካዱም፤ የበቀለ እንጂ የተሠራ ስላልሆነ ግን ምሰሶ አይደለም፤ ስለዚህ ሽቦውም መስመር አይደለም፤ መስመር ያልሆነ ነገር ደግሞ በዴስክዎ አይጠገንም። ይህን ሳላውቅ ሃምሳ ዓመት መኖሬ ያሳፍረኛል።

ሁለተኛ፤ ከግራና ለገበያ የመጣው ገበሬ ፈንታው ከእኔ የገዛውን ቱቦ አህያው ላይ ጭኖ ሲወጣ የቱቦው ጫፍ ሽቦውን ነካና አህያዪቱ እዚያው ቀረች። እሱን ያተረፈው በዚያች ቅጽበት የረሳውን ሚስማር ሊወስድ ወደ ሱቄ መመለሱ ነው። ይህንኑ ስናመለክት የጻፉልን ደብዳቤ «አደጋ» ማለት በመስመር የደረሰ ጉዳት ስለሆነ፣ መስመር በሌለበት አደጋ ሊኖር እንደማይችል ያብራራል። ፈንታው ሲነበብለት «እንግዲያው ለአህያዬ አንብቡላትና ተነሥታ ትምጣ» ማለቱን እንደ ድፍረት አይቁጠሩበት፤ ትርጓሜ አልተማረም።

ሦስተኛ፤ ወይዘሮ ረሂማ ብርቱካን የሚሸጡት ከዚያው ማንጎ ሥር ነው፤ ሌላ ቦታ የላቸውም። ሰው እንዲጠነቀቅ ግንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ቢያስሩ፣ «ያለ ፈቃድ የአደጋ ምልክት ማቆም» የሚል ማስጠንቀቂያ በማግሥቱ ደረሳቸው። ስለ ፍጥነትዎ ሳላመሰግን አላልፍም። እሳቸው ግን «ወላሂ፣ ማንጎዬ ምሰሶ ካልሆነ ሽቧችሁን ፍቱልኝ» ይላሉ።

ክረምት ሊገባ ነው። ግንዱ ሲረጥብ ተደግፈውት የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ሰፈርተኛው ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ልጦ፣ ጉድጓዱንም ቆፍሯል፤ የቀረው ሽቦውን የሚያዛውር የእርስዎ ሰው ብቻ ነው።

ትርጓሜዎ እንዳይነካ፣ እኛም ሽቦውን እንዳንነካ እየተጠነቀቅን፣ ከማንጎው ሥር ራሳችንን ዝቅ አድርገን እጅ እንነሣለን፤ ቀና ማለት አደገኛ ነውና።

ስለ ሰፈርተኛው፣ ሚስባህ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳላሽገው የከሰዓቱ ነፋስ ሽቦውን ከማንጎው አላቆ በቢሮዎ የብረት በር ላይ ጥሎታል። ጥበቃዎን አቶ ይርጋን በሩን እንዳይነኩ ነግሬያቸዋለሁ፤ ገበያተኛውንም አርቀናል። እርስዎ ውስጥ እንዳሉ ስለሰማሁ ደብዳቤውን በጓሮው መስኮት እሰድልዎታለሁ። በመመሪያው መሠረት በሩ ላይ ምንም ስለሌለ እንደ ወትሮው በእጅዎ ከፍተው ይውጡ። መመሪያውን ከተጠራጠሩት ግን ለባለሙያዎ ደውለው «መስመር ወድቋል» ማለት ይበቃል፤ ምሰሶው ተልጦ ይጠብቃል።